«መገኛ» እና «መኖሪያ»፦ ስለ ባሌ ትራውት አተረጓጎም

ስለ እንስሳት አኗኗር ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች እንስሳው የሚኖርበትን አካባቢ «መገኛ» ብሎ መተርጎም እየተለመደ መጥቷል። የቃሉ አማርኛነት አያጠራጥርም፤ አገባቡ ግን ያሳስበናል። ለአብነት ከሮቤና ከጎባ በላይ በባሌ ደጋ ወንዞች የሚኖረውን ትራውት የተባለውን ዓሣ እንውሰድ።

«መገኛ» የወጣው «ተገኘ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ በአንድ ስፍራ መኖርንም፥ ከአንድ ስፍራ መፍለቅንም ያመለክታል፤ ስሙ ግን ወደ ሁለተኛው ፍች አዘንብሏል። «የቡና መገኛ ኢትዮጵያ ናት» ስንል ቡና በኢትዮጵያ ይበቅላል ማለታችን ብቻ አይደለም፤ በብራዚልም ይበቅላልና። ስለሆነም «የትራውት መገኛ የባሌ ወንዞች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ዓሣውን አገር በቀል አድርጎ ቢረዳው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

እውነቱ ሌላ ነው። በወይብና በዳንካ ወንዞች የሚኖሩት ቀስተ ደመናማውና ቡናማው ትራውት በ20ኛው መቶ ዓመት ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ናቸው። የፊተኛው ጥንተ አገሩ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ወንዞች፥ የኋለኛው በዋናነት አውሮፓ ነው። በባሌ የተስማማቸው ውሃው ቀዝቃዛና ፈጣን፥ ወለሉም ጠጠራማ መሆኑ ነው፤ ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብርበታለች። ይህን ሁሉ «መኖሪያ» የሚለው ቃል ይሸከመዋል፤ ለጠጠሩ ስፍራ ለብቻው «መራቢያ» ይበቃል።

በአንጻሩ ከባሌ በቀር በየትም የማይኖረው ትልቁ ፍልፈል መገኛውም መኖሪያውም አንድ ነው። ሁለቱን ቃላት ያደባለቀ ተርጓሚ እንዲህ ያለውን ብርቅዬ እንስሳና በሰው እጅ የገባውን ዓሣ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ትራውት ነፍሳትንና ትንንሽ ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ስለሆነ፥ ስለ ወንዞቹ ጥበቃ ለሚወስን ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

«ቀስተ ደመና ዓሣ» የሚለውን ስያሜም አንደግፍም፤ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ ይህንኑ ስም የያዙ ሌሎች ዓሦች አሉ። «ትራውት» የሚለው የውሰት ቃል ይቆይ። «መጤ» የሚለው ቅጽል አጭርና ግልጽ ቢሆንም፥ በሰው ላይ ሲነገር የሚያስቀይም ቃል በመሆኑ ለመዝገበ ቃላት «ከውጭ የገባ» የሚለውን እንመርጣለን።