ከዛፉ ሥር የሚጀምር ጥበቃ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የደረሰ ሰው አባ ኮዳን ያውቀዋል። ራሰ በራ፣ ቅልጥመ ረጅም፣ ጉሮሮው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት፤ ዓሣ አጥማጆች ትርፍራፊ እስኪጥሉለት እንደ ሽማግሌ ቆሞ የሚጠብቅ። በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ግዛት፣ ከእርሱ ጋር የሚዛመድ ሌላ ግዙፍ ወፍ አለ። ቁመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የአገሬው ሰው «ሃርጊላ» ይለዋል፤ አጥንት ዋጭ ማለት ነው። በረግረግ ዓሣ ያድናል፣ ከቆሻሻ ክምር ጥምብ ይለቅማል፤ ጎጆውን ግን የሚሠራው በሰው ጓሮ ባሉ ረጃጅም ዛፎች ላይ ነው።

ጣጣውም ከዚህ ይነሣል። ለጫጩቶቹ ያመጣው ሥጋ ከአፉ አምልጦ ግቢ ውስጥ ይወድቃል። ኩሱ ይዘንባል፤ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ባለ ዛፉ መጥረቢያ ቢያነሣ ምን ይደንቃል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የሥነ ሕይወት ባለሙያዋ ፑርኒማ ዴቪ ባርማን በካምሩፕ ወረዳ አንድ ሰው ጓሮው ያለውን ዛፍ ሲቆርጥ ደረሰች። ዘጠኝ ጫጩቶች አብረው ወድቀው ነበር። ለምን ብላ ስትጠይቅ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ተሳለቀባት። ያኔ ስለዚሁ ወፍ የዶክትሬት ጥናት ጀምራ ነበር። በልጅነቷ በብራህማፑትራ ዳርቻ፣ በሩዝ ማሳና በረግረግ እያዞረች የወፎችን ስም ያስተማረቻት አያቷ ናት። ስለ ወፎች የምታውቀው ብዙ ነበር፤ ከዛፉ ሥር ስለሚኖሩት ሰዎች የምታውቀው ግን ትንሽ። ጥናቷን አቆይታ መንደሩን መማር ያዘች። ዶክትሬቷን ያገኘችው በ2019 ነው።

የወፍ ጥበቃ ሙያ ረቂቅነት ያለው እዚህ ነው። ጎጆ መቁጠር በመነጽርና በማስታወሻ ደብተር ይቻላል። ግቢው በየዓመቱ ለወራት የሚቆሽሽበትን ሰው «ታገሥ» ማለት ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። ባርማን በሕግና በቅጣት አልመጣችም፤ በሳይንስ ንግግርም አልጀመረችም። የመንደሩን ሴቶች የሰበሰበቻቸው በምግብ ዝግጅት ውድድር ነበር። የወፉ ነገር የተነሣው ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወፉን ወደ ባህሉ አስገባችው። በአሳም ለነፍሰ ጡር ሴት የሚደረግ የምርቃት ሥርዓት አለ። የእኛ አገር ሴቶች ለወላድ ጎረቤት የገንፎ እህል ሊያዘጋጁ ሲሰባሰቡ ያየ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም። በዳዳራ፣ በፓቻሪያና በሲንጊማሪ መንደሮች ያሉ ሴቶች የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ያንኑ ሥርዓት ለሃርጊላ ማድረግ ጀመሩ። እንቁላል የምትታቀፍ ወፍ እንደ ነፍሰ ጡር ጎረቤት ተቆጠረች፤ ጎረቤት ያለችበትን ዛፍ ደግሞ መቁረጥ ያሳፍራል።

ሽመናውም ተከተለ። ጋሞሳ የሚባለው የአሳም ነጭ ጨርቅ፣ እንደ ነጠላችን ጥለት ያለው፣ የሃርጊላ ምስል ይሸመንበት ጀመር። ወፉ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ገቢም ይዞ መጣ። ዛሬ «የሃርጊላ ሠራዊት» የሚባለው የሴቶች ስብስብ ከ10,000 በላይ አባላት አሉት።

ዛፉ ላይ የሚሠራው ሥራም አልቀረም። ከጎጆ የሚወድቁ ጫጩቶች መሬት እንዳይመቱ መረብ ይወጠራል፤ የተጎዱት ታክመው ይመለሳሉ። ከቀርከሃ ረጃጅም የጎጆ መደቦች ተሠርተው ጫጩት ተፈልፍሎባቸዋል። በመንደሮቹ ከ30 በታች የነበሩት ጎጆዎች ከ250 በላይ ሆኑ። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባርማንን ሸለመ። በ2023 ሃርጊላ ለመጥፋት በሚያሰጉ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ዝርዝር ላይ «ለመጥፋት የተጋለጠ» ከሚለው ምድብ ወጥቶ «ወደ ስጋት የተቃረበ» ወደሚለው ዝቅ አለ።

ይህ ማለት ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ከጉዋሃቲ ከተማ ዳር ያለው ዲፖር ቢል የተባለው ረግረግ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ቢኖረውም፣ ከተማው እየገፋው ነው። ወፎቹም ምግባቸውን ዛሬም ከከተማው ቆሻሻ ክምር ይፈልጋሉ። ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡት ሥጋም እንደ ድሮው ከአፋቸው ያመልጣል፤ ግቢውን የሚጠርጉትም እነዚያው የዛፉ ባለቤቶች ናቸው።