የኋላ ወንበር

ገመዱን ያየሁት ሾፌሩ ድንገት ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ከኡሪቢያ ወጥተን ከባቡር ሐዲዱ ጎን ለጎን ወደ ሰሜን ስንነዳ ቆይተን፣ ወደ ካቦ ዴ ላ ቬላ የሚወስደውን የአሸዋ መንገድ ከያዝን ገና ብዙ አልሄድንም። ገመዱ በአንድ በኩል ከዛፍ ግንድ ጋር ታስሯል፤ ሌላውን ጫፍ ሁለት ሕፃናት ይዘውታል። መኪናው ሲቃረብ ሳብ አድርገው ከመሬት አነሡት። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በቋንቋቸው ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ፤ እግሩ ሥር ካለው ማዳበሪያ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ውኃና ብስኩት አውጥቶ አቀበላቸው። ገመዱ ወደቀ፣ አለፍን። መቶ ሜትር ሳንሄድ ሌላ ገመድ።

ሃያ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ሙያዬ አስጎብኚነት ነው። ዳሎልን፣ የአሳሌን የጨው ሜዳና ኤርታሌን እያሳየሁ ዓመታት ስለቆጠርኩ የፊት ወንበር የእኔ ይመስለኛል። ወደ ኮሎምቢያ የጋበዘችኝ ከዓመታት በፊት አፋርን ያሳየኋት እንግዳዬ ናት። «አሁን ተራው የአንተ ነው፤ ዝም ብለህ ተመራ» አለችኝ። ሾፌራችን ከስፓኒሽና ከዋዩናይኪ ሌላ ስለማይናገር አስተርጓሚዬም እሷው ነበረች። እኔ ከኋላ፣ ከውኃ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። የራስን ሙያ ሌላ ሰው ሲሠራው ማየት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው።

ላ ጓሂራ ደቡብ አሜሪካ ወደ ካሪቢያን ባሕር የምትዘረጋው ልሳነ ምድር ናት። አብዛኛው መሬት በኮሎምቢያ፣ የቀረው በቬኔዝዌላ ይቆጠራል፤ የምድሩ ነባር ሕዝብ ዋዩዎች ግን በሁለቱም በኩል አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ቆጠራ ከ380,000 በላይ ሰዎች ዋዩ ነን ብለዋል። ስፔኖች ሙሉ በሙሉ ሳይገዟቸው የቀሩ ሕዝብ ናቸው። ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ወገን ነው፤ ስለ እህቱ ልጆች አጎት ከአባት በላይ ይናገራል። ዋዩ ያልሆነውን ሁሉ «አሊሁና» ይሉታል። እኔም አሊሁና ነበርኩ። ደገኛ ሆኜ ቆላ ስመራ ለኖርኩት ለእኔ ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ስሜቱ እንግዳ አልሆነብኝም።

ወደ ገመዱ ልመለስ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። በእኔ መኪና ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ በመስኮት ምንም አይሰጥም። ከረሜላ የለመደ ልጅ ትምህርቱን ትቶ መንገድ ዳር ይውላል፤ ይህን ለፈረንጆቹ ስንቴ እንደተናገርኩ አላስታውስም። እዚህ ያለው ባልደረባዬ ግን ሕጌን በአንድ ረፋድ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰበረው። ማታ ላይ ስጠይቀው አልተቆጣም። «ይህን መንገድ መንግሥት አልሠራውም» አለ። «የሠራው ጎማ ነው። ጎማው የሚረግጠው መሬት ደግሞ ባለቤት አለው።»

ከዚያ በኋላ ገመድ ባየሁ ቁጥር እጁን ማስተዋል ጀመርኩ። ለሁሉም እኩል አይሰጥም። አንዲት አሮጊት ጥላ ሥር ከተቀመጡበት ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ቡናና ስኳር ሰጣቸው፤ እሳቸውም እየሳቁ ረጅም ነገር ነገሩት። ሌላ ቦታ እጁን ብቻ አነሣ፣ ገመዱ በራሱ ወደቀ፦ የእናቱ ወገኖች ናቸው። ጎረምሶች በያዙት አዲስ ገመድ ፊት ደግሞ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ከቤቱ በኩል ትልቅ ሰው እስኪመጣ ጠበቀ እንጂ ከልጆቹ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም። እኔ አንድ ዓይነት ገመድ በሚመስለኝ መንገድ ላይ እሱ የዘመድ፣ የጎረቤትና የባለጋራ ካርታ ያነባል።

ነገሩን ግን ማሳመር አልፈልግም። ከእነዚያ ገመዶች አንዳንዶቹ ኬላ ሳይሆኑ ረሃብ ናቸው። የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ የዋዩ ሕፃናት የውኃ፣ የምግብና የጤና መብት በጅምላ ተጥሷል ብሎ መንግሥትን ወቅሷል። በባቡር ሐዲዱ ላይ የኤል ሴሬሆን ማዕድን ከሰል 150 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ ወደብ ይወርዳል፤ ከጎኑ ሕፃን ውኃ ለማግኘት ገመድ ይዞ ይቆማል። የቱ ገመድ የመሬት ባለቤትነት፣ የቱ ባዶ ሆድ እንደሆነ ከመኪና ውስጥ የሚለይ አስጎብኚ ካለ ችሎታው ከእኔ በላይ ነው። ብስኩቱን አሁንም አልወደውም። ይህንኑ ስነግረው «አንተ ብትሆን ምን ትሰጣለህ?» አለኝ። ውኃ አልኩት። «ውኃው ከቀትር በፊት ያልቃል» አለና ወደ ፊት መመልከቱን ቀጠለ።

አነዳዱም ትምህርት ነበር። የሄድነው በጥቅምት፣ ዝናቡ በሚጥልበት ወቅት ነው። በላይኛው ጓሂራ ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳው ላይ መቶ የጎማ ዱካ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ጀማሪ የሆነ ሰው በጣም የተረገጠውን ዱካ ይከተላል። እሱ ደግሞ ያንን ይሸሻል፤ ብዙ መኪና የሄደበት፣ ብዙ መኪና የታገለበትም ሊሆን ይችላልና። ጨው ያዘለው አፈር ላዩ ደርቆ እንደ ቂጣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። የአሳሌ ዳርቻም እንደዚያው ያታልላል፤ እዚያ አንድ ሌሊት ሙሉ በአካፋ የቆፈርኩበት ትዝታ ስላለኝ መሬቱን ሳይ ወገቤን አመመኝ። አሸዋው ሲጀምር ወርዶ አራቱንም ጎማ አስተነፈሰ። ይህን እኔም አደርጋለሁ። ሁለት ጊዜ ግን ያላየሁት ነገር አደረገ፦ ዋዩዎች የዝናብ ውኃ የሚያቁሩበት ኩሬ ዳር መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ የውኃውን ዳርቻ በእግሩ ለካ፣ ፍየል ከምታጠጣ ልጅ ጋር ጥቂት ተነጋገረና ተመለሰ። ፎቶ እንድናነሣ የቆመልን መስሎኝ ካሜራዬን አውጥቼ ነበር።

ፍየል ሲያይ ደግሞ የእግር ጉዞ ያህል ይቀንሳል። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። በዋዩ ሕግ ጉዳት ያደረሰ ሰው ለብቻው ተጠያቂ አይሆንም፤ ዕዳው የወገኑ ነው። የተጎዳው ቤተሰብ «ፓላብሬሮ» የሚባል ቃል አቀባይ ይልካል። ይህ ሽማግሌ ዳኛ አይደለም፤ አይፈርድም። የአንዱን ቃል ለሌላው እያደረሰ፣ ቁጣውን በንግግር እያበረደ፣ ካሣው በፍየል፣ በከብት ወይም በአንገት ጌጥ እስኪቆረጥ ይመላለሳል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2010 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። አሊሁና ቢሆንም የገጨ ሰው ፓላብሬሮው ይደርስበታል። አፋር ውስጥ የሰው ግመል የገጨ ሾፌር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ሄዶ ነገሩ ያለቀ ከመሰለው ምን እንደሚገጥመው የበረሃ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። በእንዲህ ያለ አገር የፍጥነት ገደብ በታፔላ አይጻፍም፤ በአጎቶች ፊት ነው የሚነገረው።

አንድ ነገር በጣም አሳቀኝ። የካቦ መንደር ከመድረሳችን በፊት ለምሳ የተቀመጥንበት ጥላ የማውቀው ዛፍ ነበር። እሾሁን አየሁ፣ ፍሬውን ሰብሬ አሸተትኩ፦ ፕሮሶፒስ! አዋሽ ሸለቆ ውስጥ የግጦሹን መሬት የዋጠ፣ ፍየሉን ጥርስ የሚያሳጣ፣ አርብቶ አደሩ ሌት ተቀን የሚረግመው ዛፍ። እዚህ «ትሩፒዮ» ይሉታል፤ የአገሩ ዛፍ ነው። ማገሩ፣ ማገዶው፣ የፍየሉ መኖ፣ የእንግዳው ጥላ ሁሉ ከእሱ ይወጣል። ለሾፌሩ በእኛ አገር ስለሚያደርሰው ጥፋት ስነግረው ዛፉን ቀና ብሎ አየና «ማን ወሰደላችሁ?» አለ። ሰዎች አምጥተው እንደተከሉት ነገርኩት። «ታዲያ የዛፉ ጥፋት ነው?» ብሎ ፍሪቼውን፣ በገዛ ደሙ የበሰለውን ፍየል፣ መብላቱን ቀጠለ። እኔ በደም የበሰለ ሥጋ ስለማልደፍር በሩዝና በዓሣ ተወሰንኩ።

ካቦ ዴ ላ ቬላ ለጎብኚው የነፋስ ስፖርትና የፀሐይ መጥለቂያ ነው። ለዋዩ ግን ሄፒራ ነው፤ የሙታን ነፍስ የሚሄድበት ቦታ። እኔ ብሆን ይህን የምናገረው ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ ባርኔጣ ሲነጥቅ፣ ሁሉም ባሕሩን ሲያይ ነበር። ለዓመታት ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ኤርታሌ አፋፍ ላይ ቆሜ እሳቱን በቃል ለማሸነፍ ስሞክር ኖሬያለሁ። እሱ ግን ኮረብታው ላይ አፉን አልከፈተም። ወጣን፣ ፎቶ አነሣን፣ ወረድን። ከራት በኋላ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሁላችንም ጣሪያ ብቻ ካለው ዳስ ውስጥ ቺንቾሮ በሚሉት ተንጠልጣይ አልጋ ላይ ተኝተን ሳለን፣ ከጨለማው ውስጥ ድምፁ መጣ። ዛሬ የወጣችሁበት ቦታ እናቴ የሄደችበት ነው አለ። ዋዩ ሁለት ጊዜ እንደሚቀበር፣ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ ከወገኑ አጥንት ጋር እንደሚደባለቅ፣ የእናቱን አጥንት ያወጣችው እህቱ እንደሆነች ነገረን። ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ፊቱን ስለማናይ ልናዝንለት እንኳ አልተመቸንም፤ ሰማን ብቻ። ጓደኛዬ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በሹክሹክታ ተርጉማልኝ ዝም አለች። ነፋሱን ስሰማ አደርኩ።

ፑንታ ጋዪናስ፣ የአህጉሩ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኬክሮሷ ከሰመራ ብዙም አይርቅም። ፋኖስ የተሰቀለበት የብረት ማማ አለ፣ ድንጋይ የሚክቡ ጎብኚዎች አሉ። ታሮዋ ላይ የአሸዋ ክምር ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን እየተንከባለለ ይወርዳል፣ እኔም ወረድኩ። ይህን ለማሳየት አስጎብኚ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ለሌላ ነው፤ ይህን የተማርኩት ደግሞ ጥፋት አጥፍቼ ነው። አፋር ላይ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፦ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ምን እንግዳ አየህ። ሳይጣደፉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንድ ሐምሌ እንግዶቼ ቸኩለው ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ከፍየሎቻቸው መሐል ዱላቸውን ከፍ አድርገው ሲጠሩን ሾፌሩን «ንዳው» አልኩት። ከአራት ኪሎ ሜትር በኋላ ደረቁ ወንዝ ከደጋ በመጣ ጎርፍ ሞልቶ አገኘነው። እዚያው አደርን፤ የያዝነው ውኃ በሌሊት አለቀ። ንጋት ላይ ሽማግሌው ወተት ይዘው መጡ። አልወቀሱኝም። ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዳጉውን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ጎርፉ እንደሚመጣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ከላይኛው ጓሂራ ስንመለስ ማዳበሪያው ባዶ ነበር። ብስኩት የለም፣ ውኃ የለም፣ ከቡናው የተረፈው ሽታው ብቻ ነው። ኡሪቢያ ሊታይ ጥቂት ሲቀረን አንድ ገመድ ተነሣ። ልጁ ብቻውን ነበር፤ አባቱ ከኋላ የቁልቋል አጥር ተደግፎ ቆሟል። ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ወደ ሰውየው ሄዶ ቁጢጥ አለ። ሰውየውም ቁጢጥ አለ። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ ሾፌሩ በጣቱ አንዴ ሰሜን አንዴ ምሥራቅ ያሳያል፣ መሬት ላይ በእንጨት ይሥላል፣ በእጁ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ይለካል።

ተመልሶ ሲገባ ምን እንዳለው ጓደኛዬ ጠየቀችልኝ።

«የትኞቹ ኩሬዎች እንደሞሉ ነገርኩት» አለና ቁልፉን አዞረ።

አባትየው ልጁን ጠርቶ ገመዱን አስጠቀለለው። ስናልፍ ሁለቱም ፍየሎቹን ከአጥሩ እያወጡ ነበር።