ቤት የማይመታው ዘፈን

ሾፌሮቻችን የኢትዮጵያን ካርታ ከጂኦግራፊ መምህሮቻችን በላይ ያውቁታል። ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር እስከ ቡታጅራ አማርኛ አስደመጠን። ቡታጅራ ላይ ጉራጊኛ ገባ። ሆሳዕና ስንደርስ ሀድይኛ። ከሆሳዕና ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን ደግሞ ፍላሹን ነቅሎ ሌላ ሰካና ወላይትኛው ጀመረ። ማንም "ቀይርልን" አላለም፤ ተሳፋሪውም ከመንገዱ ጋር እየተቀየረ ነበርና።

የሄድኩት አንድ የቆየ ወዳጄ "ጊፋታን ሳታይ አርጅተህ ልትቀር ነው" እያለ ስለጨቀጨቀኝ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ፣ ከመስቀል ጎን ለጎን ይውላል። ስለ ወላይታ ወሬ ሲነሳ ሰው ቁርጡን ያነሳል፣ ዳጣውን ያነሳል፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግብፁን ዛማሌክ የጣለውን ወላይታ ድቻን ያነሳል። ሙዚቃውንም ያነሳል፤ ግን ወገብ ላይ ይጀምርና እዚያው ወገብ ላይ ይጨርሳል። እኔም ብሆን ከዚህ ብዙ የራቅኩ አልነበርኩም። ዛሬ የምጽፈው በቅርቡ ስላገኘኋቸው ዘፈኖች ነው፤ ሆኖም "አገኘኋቸው" የምትለው ቃል ታሳፍረኛለች። ለምን እንደምታሳፍረኝ አረካ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ልቤን የያዘችው አንዲት ሴት ናት። ስሟን ሾፌሩም አያውቅም፤ ፍላሹ ላይ የተጻፈው "ሰርግ 7" ብቻ ነው። ኪቦርዱ ያው የምናውቀው ኪቦርድ ነው፣ ከበሮውም ከማሽን የወጣ። ግን ሴትየዋ አንድ ስንኝ ብላ ታቆማለች፤ ሌሎች ሴቶች ይመልሱላታል። እንደገና ሌላ ትላለች፤ የሚመልሱት ያንኑ ነው። አጠገቤ ወደተቀመጠው ወጣት ዞርኩ።

"ምንድን ነው የምትለው?"

"ሰርግ ነው ጋሼ።"

"ሰርግ መሆኑንማ ሰማሁ። ቃሉን ንገረኝ።"

ጆሮውን ጣል አደረገና፣ "ሙሽራዋ ናት። እናቷን፣ ውሃ የምቀዳበትን እንስራ ለማንም እንዳታውሺ ነው የምትላት" አለኝ።

"የሚመልሱትስ?"

"ወንዙ ሩቅ ነው።" ትንሽ አሰበና፣ "በአማርኛ ሲሆን ምንም አይልም እኮ" ብሎ አፈረ፤ ጥፋቱ የሱ ይመስል።

ምንም አይልም? ቀጥል አልኩት። ቀጥሎ ሙሽራዋ ወንድሟን፣ ጥጃዬን እንዳትሸጥብኝ ትለዋለች። ይመልሳሉ፦ ወንዙ ሩቅ ነው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ትለዋለች። ይመልሳሉ፦ ወንዙ ሩቅ ነው። እናንተዬ፣ ሦስተኛው ላይ እኮ ወንዙ የውሃ ወንዝ መሆኑ ቀርቷል! ቃሉ አልተለወጠም፤ ዜማውም አልተለወጠም። የተለወጠው ከፊቱ የቆመው ሰው ነው።

የአማርኛ ግጥም ያደገ ሰው ጆሮ ቤት መምታትን ይጠብቃል። ገጣሚው ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፤ ስንኙ ሲገጥም ቤት መታ እንላለን፤ ሰሙም ወርቁም ከአንድ አፍ ይወጣል። እዚህ ግን ሰሙን ሙሽራዋ ይዛዋለች፣ ወርቁ ያለው ሚዜዎቿ ዘንድ ነው። እሷ ራሷ አታውቀው ይሆናል። ቶሎ እመለሳለሁ ስትል እውነቷን ነው፤ እንደማትመለስ የሚያውቁት ቀድመዋት ያገቡት ናቸው።

እንግዲህ አረካ ደረስን።

በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የሚል ስም በተሰጠው ቋንቋ የመማሪያ መጽሐፍ መጣ ተብሎ ሶዶ ላይ ተቃውሞ መነሳቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሞተ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ብዙ ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ እኔ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ቃል አስተምር ነበር። በማግሥቱ ዓመት አንድ የአረካ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። እናቱ ከምትዘፍናቸው የሰበሰባቸው ናቸው፤ በግራ በኩል ወላይትኛው በላቲን ፊደል፣ በቀኝ በኩል አማርኛ ትርጉሙ። አሥራ አንድ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ "ቤት አይመታም፤ ግጥምነቱ ያጠያይቃል" ብዬ ጻፍኩበትና ሲ ሰጠሁት።

ልጁ ቢሮዬ መጣ። "መምህር፣ እናቴ ስትለው እኮ የሚመልሱላት ሰዎች አሉ" አለኝ።

"የታሉ ታዲያ? ወረቀቱ ላይ የሉም" አልኩት።

በዚህች መልሴ ኮርቼ ነበር። ሻይ ቤት ለባልደረቦቼ አውርቻት ተሳስቀናል። ለቋንቋው ሰው በሞተ በዓመቱ፣ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ፣ የሌላ ቋንቋ ግጥም የሚለካበትን ሜትር ዘርግቼ "አጠረ" አልኩ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ሚኒባሱ አረካ ላይ ሰው ሲያወርድ መስኮቱን ከፍቼ ፊት ሳይ ቆየሁ፤ እንዲያው ምን እንደምለውም ሳላውቅ።

ሶዶ ዳሞታ ተራራን ተንተርሳ የተኛች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች፤ ግንባታው፣ ባጃጁ፣ አቧራው ይህንኑ ይመሰክራል። በሁለተኛው ቀን ወዳጄ ወደ አንድ ሻይ ቤት ወሰደኝና የቤቱን ባለቤት የኮይሻ ሴታን ዘፈን እንዲያሰማኝ ለመነልኝ። የኮይሻ ሴታን ስም አውቀዋለሁ፤ ወላይትኛ ዘፈን ሲነሳ ቀድሞ የሚነሳ ስም ነው። ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሞባይል ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ስለሆነ ከዘፈኑ እኩል ፉጨቱ ይሰማል። ታዲያ ጥግ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ተቀባዮቹ የሚገቡበት ቦታ ሲደርስ፣ ድምፁ ከፉጨቱ በታች ሲሰምጥ፣ ሽማግሌዎቹ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ ሞሉለት። አልዘፈኑም፤ "አቤት" የማለት ያህል ነው ያሉት። ቅጂው የጎደለው እነሱ ዘንድ ተቀምጧል።

ይህን ካየሁ በኋላ አዲሶቹን ክሊፖች ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ወጣቶቹ ድምፃውያን ጎበዞች ናቸው፤ በወላይትኛ ለመዝፈን አያፍሩም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ተቀባይ የለም። ተቀባይ ገንዘብ ያስወጣል፣ ማይክራፎን ይሻማል፣ ያረፍዳል። ስለዚህ አቀናባሪው የድምፃዊቷን የራሷን ድምፅ አምስት ጊዜ ደራርቦ ተቀባይ ያደርገዋል። ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። ቶሎ እመለሳለሁ የምትለውም፣ ወንዙ ሩቅ ነው የምትለውም እሷው ስትሆን ያች ሙሽራ ሁሉን አውቃ የወጣች ትሆናለች። ዘፈኑ ያምራል። ልብ የሚያስደነግጠው ነገር ግን ሄዷል።

የአማርኛው ዘፈን ገበያ ደግሞ የባሰ ነው። አልበም የሚያወጣ ሁሉ አንድ ትዝታ፣ አንድ ጉራጊኛ፣ አንድ ወላይትኛ ማስገባት ግዴታ የተጣለበት ይመስላል፤ ልክ ማኅበራዊ ላይ ምግብ ሲነሳ ከየዓይነቱ እንደሚባለው። ወላይትኛ የሚባለው ያ ፈጣን ምት ነው። ቃሉ አማርኛ፣ ጉዳዩ የልጅቱ ወገብ፤ ካሜራው ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ከሆነው ዱንጉዛ በታች ወርዶ እዚያው ይቀራል። ሰርግ ላይ ሲመጣ እኔም እነሳለሁ፤ አልዋሽም፤ ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል እጨፍራለሁ። ግን አንድ ሕዝብ ሲያለቅስ፣ ሲዳር፣ ሲያርስ የሚለውን ሁሉ ትቶ ምቱን ብቻ መውሰድ፣ ሰውየውን ሳያናግሩ ጫማውን ተውሶ እንደመሄድ ነው።

ጫማውን ራሱ የምናየው ደግሞ ፈረንጅ ሲያነሳው ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. የቀዳው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ እጅ ገብቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም፣ ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። እኛ "ውይ፣ ኃይሉ መርጊያ!" ያልነው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ የወጡት የ"ኢትዮፒክ" ሲዲዎችም ከአዲስ አበባ ባንዶች አልፈው ኮንሶ ድረስ ወርደዋል፤ አሥራ ሁለተኛው የኮንሶ ነው። ለወላይታ ብቻውን የቆመ ጥራዝ ግን እኔ አላየሁም።

ከሁሉ የገረመኝን ያሰማኝ የወዳጄ ልጅ ነው። በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ዶርዜ ላይ ቀርፆ በ1977 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ያሳተመው ሸክላ ነው። ዶርዜ የጋሞ ነው፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ተራራውን መውጣት ነው፤ ጎረቤት ማለት ነው። ሰዎቹ ሲዘፍኑ አንዱ የሌላውን አይደግምም። አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ከሥሩ ይገባል፣ ሦስተኛው ከላይ ይጮኻል፣ የቀሩት መሬቱን እንደሚጠቀጥቅ ሰው ያጉረመርማሉ። ሁሉም የየራሱን ይላል፣ አንድም ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ "የኢትዮጵያ ሙዚቃ ባለ አንድ ዜማ ነው፤ ሁሉም አንዱን ዜማ ይከተላል" ተብዬ ተምሬያለሁ፤ እኔም ሳልጠይቅ አስተምሬዋለሁ። "የኢትዮጵያ" ስንል የየትኛውን ኢትዮጵያ እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም። ከጠየቀም ሲ አግኝቶ ሄዷል።

ሶዶ ውስጥ ይህ ነገር ሕያው ሆኖ ያገኘሁት ባልጠበቅኩበት ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን። ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። ለዚህ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ይነገራሉ፤ እነሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔ ግን መምህርም የመዝሙር መጽሐፍም በሌለበት ዘመን አንዱ ሲል ሌላው የመቀበሉ ልማድ ብዙ የሠራ ይመስለኛል። ማንበብ የማይችል ሰው መቀበል ይችላልና። ነገሩ የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም፣ በነዚሁ ቤቶች ዘፈን የሚባለው ከኃጢአት መዝገብ የሚጻፍ መሆኑ ነው። የጊፋታው ሃያያ ሌኬ በአደባባይ ሲደምቅ ከአጥር ውስጥ ሆነው በጣታቸው ብቻ የሚመቱ እናቶች አይቻለሁ።

ከነዚህ አንዷ የወዳጄ እናት ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው። ከሄድኩ ጀምሮ "እማማ፣ የድሮ ዘፈን ያሰሙኝ" ብዬ ለምኛቸው "ዘፈን ትቻለሁ" ብለው ዘግተውኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ጓሮ ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ይፋቃል። ወንድ የሚቆምበት ቦታ ስላልሆነ እኔና ወዳጄን ራቅ አድርገው አስቀመጡን። መፋቂያው ጣውላው ላይ ወጣ ወረደ ሲል ጥቂት ቆየና እማማ አንድ ስንኝ ወረወሩ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደገሙ።

"እማማ፣ ዘፈን ትቻለሁ አላሉኝም ነበር?" አልኳቸው።

"ይሄ ዘፈን ነው እንዴ? ሥራ ነው" አሉኝ።

ሞባይሌን ላወጣ ስል ወዳጄ እጄን ያዘኝ። "ከፈለግክ ተቀበል" አለኝ። የልጅ ልጃቸው፣ የስድስት ዓመቷ፣ የሚመለሰውን ሦስት ቃል ደጋግማ አስጠናችኝ። እማማ ጀመሩ። ዘግይቼ ገባሁ። ሁለተኛው ላይ ቀድሜ ገባሁ። ሦስተኛው ላይ ጨርሶ ቀረሁ። መፋቂያውን አቆሙና በወላይትኛ አንድ ነገር ሲናገሩ ጓሮው በሳቅ ተሞላ።

"ምን አሉ?" አልኩት ወዳጄን።

"አስተማሪ ነው አላልከኝም?"

ከዚያ እጃቸውን በኮባ ቅጠል ጠረጉና ከመጀመሪያው አነሱት።