ግርግሙና ሸክላ ሠሪዋ

የአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ይዘት ከሩቅ አገር ቢመጣም፣ ቅርጹ ሥር የሚሰደው በተመልካቹ ኑሮ ውስጥ ነው። የገና በዓል ሲቃረብ በአንዳንድ ቤተሰቦች መደርደሪያ ላይ የሚሰለፉት የልደት ምስሎችም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

የልማዱ መነሻ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአሲዚው ፍራንቸስኮስ ጋር ነው። በ1223 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ግሬቾ መንደር ግርግም አዘጋጅቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ፣ የልደቱን ታሪክ ለገበሬው በዓይን አሳየ። በ18ኛው መቶ ዘመን የናፖሊ ቀራጮች ደግሞ ዓሣ ሻጩንና ዳቦ ጋጋሪውን ከሕፃኑ አጠገብ አቆሙ። የሥራዎቹ ብርታት ቤተ ልሔምን ወደ ገዛ ሰፈራቸው ማምጣታቸው ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትውፊት ልደት የሚታየው በሥዕል ነው፤ ሕፃኑን በትንፋሻቸው የሚያሞቁት ከብቶች ከዚያ የታወቁ ናቸው። በ1928 እ.ኤ.አ. ወደ ወላይታ የገቡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ለምስል ቦታ የሰጡ አልነበሩም፤ በዚያው ምድር የሠሩት ካፑቺኖች ግን የፍራንቸስኮስ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ በሶዶ ከተማ ያለ ቤተሰብ ከውጭ የመጡ ምስሎችን ቢሰበስብ፣ በረዶ የተነሰነሰበት የእንጨት ጎጆ ለልጆቹ ምን ይነግራቸዋል? በነባሩ የወላይታ ሣር ክዳን ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ ጓሮውም እንሰት ነው። ግርግም ለወላይታ ገበሬ የአያቱ ቤት ነው።

ጭቃውም፣ የሚቀርጸውም እጅ አለ። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚ የሠሯቸው ትናንሽ የሸክላ ምስሎች፣ ማሰሮ የለመደ እጅ የሰው መልክም እንደሚያወጣ አስመስክረዋል። በወላይታ ግን ቺናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ማሰሯቸው ከምድጃው ሲቀመጥ እነርሱ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ንቀትን ግን አዋጅ ብቻውን አይሽረውም።

በበረት ተወለደ የሚባለውን ሕፃን ምስል ከእልፍኝ አስቀምጦ፣ የቀራጭዋን እጅ ከደጅ መመለስ የቅርጽና የይዘት ቅራኔ ነው። የስብስብ ክብር በብዛቱ አይለካም። በመምህሩ የሥዕል ክፍልና በባህል ማዕከሉ አዳራሽ ሸክላ ሠሪዋ በአስተማሪነት ስትቀመጥ፣ ያን ጊዜ ግርግሙ የወላይታ ይሆናል።