«ስማርት» የሚለው ቃል ባትሪ አያድንም

ባለ ሸራ ጀልባ የሚሄደው በነፋስ ነው፤ ታዲያ ባትሪ ምን ያደርግለታል? የሌሊት መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ የጥልቀት መለኪያው፣ የትንሿ ሞተር ማስነሻ ሁሉ ከባትሪ ነው የሚበሉት። እንደ ስዊድን ባሉ አገሮች በረዶው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጀልባዎች ከውኃ ይወጣሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ባትሪውን ፈትተው ቤት ያስገባሉ። ከዚያ ቻርጀር ፍለጋ ሱቅ ይሄዳሉ፤ እዚያም ካርቶኑ ሁሉ «ስማርት»፣ «አውቶማቲክ» እያለ ይጠብቃቸዋል።

የእኔ ቅሬታ ከዚህ ቃል ጋር ነው። ቃሉ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ቻርጀሩ ስንት ቮልት እንደሚሰጥና መቼ እንደሚቀንስ፣ አይነግረንም።

እስቲ ወደ ባትሪው ውስጥ እንግባ። ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ ይበልጣል። ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። ኃይል ሲሰጥ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ስንሞላው ወደነበረበት ይመለሳል። ባዶውን ለወራት ከተውነው ግን ሰልፌቱ ይጠነክርና አልመለስም ይላል። ከልክ በላይ ስንሞላው ደግሞ ውኃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበተናል፣ ሰሌዳዎቹም ይበላሉ። ባትሪው በሁለት ገደል መሃል ነው ያለው ማለት ነው።

ጥሩ ቻርጀር ይህን መንገድ በሦስት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ቮልቱ 14.4 አካባቢ እስኪደርስ በሙሉ አቅሙ ይሞላል። ቀጥሎ ቮልቱን እዚያው ይዞ የሚገባው ጅረት በራሱ እስኪቀንስ ይጠብቃል። በመጨረሻ ወደ 13.5 ገደማ ወርዶ ባትሪውን ሳይጎዳ ያቆየዋል። ይህ ሦስተኛ ደረጃ የሌለውን ርካሽ ቻርጀር ወሩን ሙሉ ሰክቶ መተው ባትሪውን ቀስ ብሎ መቀቀል ነው።

ሁለተኛው ችግር አምፔር ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ቢያልቅ፣ 1 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ቢያንስ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ የመጨረሻው ክፍል ስለሚዘገይ እንዲያውም ይበልጣል። እንዲህ ያለው ትንሽ ቻርጀር የሞላውን ለማቆየት ይበቃል፤ ባዶውን ለመሙላት ግን 10 አምፔር ገደማ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የከፋው፣ ቃሉ የሚያሳድረው መተማመን ነው። ብዙዎቹ ቻርጀሮች የባትሪውን ዓይነት ራሳቸው አያውቁም፤ ቁልፉን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ። ጄል ባትሪ 14.1 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል። አንዳንድ ቻርጀሮች ያላቸው ከ15 ቮልት በላይ የሚወጣ «የጥገና» ቁልፍ ደግሞ ጄልን ያበላሻል፤ የጠፋው ውኃ የሚተካበት ቀዳዳ የለውማ! የሊቲየም ባትሪም ያን ቁልፍ አይፈልግም፤ ከ0 ዲግሪ በታች ደግሞ ጭራሽ መሞላት የለበትም። ቅዝቃዜም ሂሳቡን ይለውጣል፦ የእርሳስ ባትሪ በአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ 0.02 ቮልት ያህል ይጨመርለታል። ስለዚህ 25 ዲግሪ ላይ ልክ የነበረው ቮልት፣ 5 ዲግሪ በሆነ መጋዘን ውስጥ 0.4 ያህል ይጎድለዋል። ሙቀት የሚለካ ቻርጀር ዋጋው ከፍ ቢልም የሚክሰው ለዚህ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፦ ባለ ሦስት ደረጃ ቻርጀር ሲሞላ ከማይቆመው የድሮ ቻርጀር በእጅጉ ይሻላል። የምነቅፈው መሣሪያውን ሳይሆን ቃሉን ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሲሞላ ስንት ቮልት፣ ሲያቆይ ስንት ቮልት፣ ለየትኛው የባትሪ ዓይነት? ቁጥሩ ካርቶኑ ላይም መመሪያው ውስጥም ከሌለ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተዉት።

አንድ ነገር ግን አደራ! በአየር ውስጥ 4 በመቶ የደረሰ ሃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አትሙሉ፤ መስኮት ክፈቱ፤ መቆንጠጫዎቹን ከባትሪው ከማንሳታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ።

«እኛ ጀልባ የለንም» አላችሁ? መኪና ውስጥ ወይም ከሶላር ጋር የተገናኘ የእርሳስ ባትሪ ካለ፣ ኬሚስትሪው ያው ነው። ዛሬውኑ ሄዳችሁ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። ስማርት መሆን ያለበት መጀመሪያ አንባቢው ነው።