የነሐሷ ዝንጀሮና የልጅ መኪና

አባቴ ሰባ ዓመት ካለፈው ወዲህ ከልጄ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና መሥራት ይወዳል። እኛም «ሰው ሲያረጅ ተመልሶ ልጅ ይሆናል» እያልን እንስቃለን። አባባሉ በፍቅር የተነገረ ቢመስልም ሽማግሌን የሚያቃልል መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው፤ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ የፓብሎ ፒካሶን «ዝንጀሮና ልጇ» የተሰኘ የነሐስ ቅርጽ ፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ።

ዝንጀሮዋ ግማሽ ሜትር ያህል ቁመት አላት። ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ፊቷን ልብ ብሎ ላየው ግን መኪና ነው! ፒካሶ ሁለት መጫወቻ መኪናዎች ወስዶ፣ አንዱን ገልብጦ፣ ሆድ ለሆድ አጋጠማቸውና ጭንቅላት አደረጋቸው። የላይኛው መኪና አፍንጫ የእሷ አፍንጫ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አፏ ሆነ። ጆሮዎቿ የስኒ እጀታ፣ ሆዷ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ ጅራቷ ደግሞ የመኪና ባሌስትራ ነው።

መኪናዎቹ የልጁ የክሎድ ነበሩ። ስጦታውን ያመጣለት የፒካሶን ሥዕሎች ይሸጥ የነበረው ካንዋይለር ነው። ሥራው የተሠራው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1951፣ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ በሆነችው በደቡብ ፈረንሳይዋ ቫሎሪስ ሲሆን፣ ክሎድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ በዚያው ወር ሰባ ዓመት ሞላው።

«ታዲያ ይህ የልጅ ጨዋታ እንጂ ምን ጥበብ አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ልጅ መኪናውን «ዝንጀሮ ነው» ቢል ለዚያች ሰዓት ነው፤ ሲሰለቸው መልሶ መኪና ያደርገዋል። ሽማግሌው ግን ከጭንቅላቱ በታች ሕፃን የማያውቀውን ነገር ጨመረበት፤ ክብደትን። የእናቲቱ ትከሻ ክብነት፣ የሆዷ ሙላት፣ ግልገሉ እንዳይወድቅ የተጣበቀበት ሁኔታ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ልጅ አቅፎ ክንዱ የዛለ ሰው ነው። በሳቅ የጀመርኩትን እይታ በዝምታ የጨረስኩትም ለዚህ ነው።

ነሐሱ ጥቅምም ጉዳትም አለው። የመኪናዎቹን ቀለም ስለዋጠው መጀመሪያ የምናየው ዝንጀሮዋን ነው፤ መኪናዎቹ ኋላ ይመጣሉ፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። በሌላ በኩል ነሐስ የሆነ ጎማ አይሽከረከርም። ልጁ መጫወቻውን አጥቷል፤ ዓለም ቅርጹን አግኝቷል። ይህን ልውውጥ ያለ ቅሬታ ማለፍ አልቻልኩም።

ቅሬታዬን ያባባሰው አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የልጆቹ እናት ሠዓሊዋ ፍራንሷዝ ዢሎ በ1953 ልጆቿን ይዛ ከፒካሶ ተለየች። ቅርጹ በነሐስ የፈሰሰው ደግሞ በ1955 ነው። ፒካሶ በ1951 የሚመጣውን ሊያውቅ እንደማይችል አልዘነጋም። ሆኖም እናትና ልጅ እንደተቃቀፉ በነሐስ ሲጸኑ ቤቱ ውስጥ ያ እቅፍ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ሥራውን ቀልድ ብቻ አድርጌ ልመለከተው አልሆነልኝም።

ከነሐስ ቅጂዎቹ አንዱ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። እኔ በአካል አላየሁትም፤ ዞሬ ላየው የሚገባኝን ጀርባዋን ያየሁት ገጽ በመግለጥ ነው። ስለዚህ ፍርዴ የፎቶግራፍ ተመልካች ፍርድ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሽማግሌ ልጅ አይሆንም። የልጅ ዓይን ሊኖረው ይችላል፤ እጁ ግን የኖረበትን ዘመን ሁሉ ይዞ ነው የሚጫወተው። ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ሳልስቅ ተመለከትኩት። ሽቦውን ከማጠፉ በፊት በጣቱ ይዳብሰዋል። ልጄ ቸኩላ «እዚህ ጋ እጠፈው» ስትለው «እዚያ ጋ ይሰበራል» አላት። ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አጠፈውና መኪናዋን ሰጣት።