የግድግዳ ወረቀትና የመዝገቡ ቃል

በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕልና ጽሕፈት፤ ይኸውም ፖስተር የሚባለው፤ ዕድሜው እንደ ጧት ጤዛ ነው። ዝናም ያርሰዋል፤ ፀሓይ ያደበዝዘዋል፤ ሌላ ወረቀት መጥቶ ይሸፍነዋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ከመዝገብ ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን፤ ስለ እርሱ የሚጻፈው ቃል እንደ ሥዕሉ ሁሉ ሊመረመር ይገባል፤ ቃሉ ከተሳሳተ ወረቀቱ ድኖ ታሪኩ ይሞታልና።

የዓለም የመዛግብት ምክር ቤት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ዓ. ም. ኢሳድ ጂ የተባለውን የመዛግብት አገላለጽ ደንብ አወጣ፤ በ2000 ዓ. ም. አርሞ ደግሞ አሳተመው። ደንቡ 26 ክፍሎች አሉት፤ ከነዚህም መለያ ቁጥር፤ ርእስ፤ አዘጋጅ፤ ዘመን፤ ብዛትና የአገላለጽ ደረጃ የማይታለፉ 6ቱ ናቸው። ትልቁ ብልሃቱ ከጠቅላላው ጀምሮ ወደ ዝርዝሩ መውረዱና አንዱን ወረቀት ከባልንጀሮቹ አለመለየቱ ነው።

የደንቡን ጥቅምና ጉድለት ለማየት የፋብሪካዎች ሰፈር የሆነውን አቃቂ ቃሊቲን ማሰብ ይበቃል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ. ም. በአገሩ ሁሉ ተጀመረ። ሠራተኛውን ወደ ፊደል የሚጠራ አንድ ወረቀት ከዚያ ሰፈር ከፋብሪካ በር ተነሥቶ ቢገኝና መዝጋቢው «ፕሮፓጋንዳ፤ 1 ቅጠል» ብሎ ቢያልፈው ምን ይተርፋል? ዘመቻው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች አስተምሮአልና፤ የቋንቋው ስም ብቻውን ጥሪው ለማን እንደ ነበረ ይናገራል። ከማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ጋር የተገኘውንም ወረቀት ለመልኩ ሲሉ ነጥሎ ማኖር አንደበቱን መቍረጥ ነው።

በዘመኑም ጥንቃቄ ያሻል። «1971» የሚለው ቍጥር የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ሳይገለጥ ለውጭ አንባቢ ቢተላለፍ፤ የደርግ ወረቀት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የታተመ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው እንዳለ ተጽፎ፤ የኤውሮጳው በአጠገቡ ይጨመር።

ደንቡ የሚነቀፍበት ነገር ግን አለ። የይዘት መግለጫን ከ6ቱ ግዴታዎች ውስጥ አላስገባም። ለደብዳቤ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለሥዕል ግን አይበቃም። በሥዕሉ ማን እንደ ቆመ፤ ምን እንደ ያዘ፤ ወዴት እንደሚመለከት ያልተጻፈለት ፖስተር ያለ ዓይን የተመዘገበ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የፍርድ ነገር ነው። በ1969ና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣ ወረቀት ሰዎችን የሕዝብ ጠላት ብሎ ቢጠራ፤ መዝጋቢው ስድቡን የራሱ ቃል አድርጎ ቢጽፈው ሟቹን ሁለተኛ ይገድለዋል፤ አፍሮ ቢሰርዘውም የገዳዩን ማስረጃ ያጠፋል። የሚገባው ቃሉ የወረቀቱ መሆኑን ገልጦ መጻፍ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ጸሐፊዎች በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ የርስት ስጦታ ሲጽፉ ሰጪውንና ምስክሮቹን አብረው ይጽፉ ነበር። መዝገብ እማኝ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ እማኝም ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲናገር ይታመናል።